የካ ዘፈን አለው፣ ምሥራቅስ?

ባለፈው ሳምንት ከምሥራቅ ወደ ፒያሳ የወሰደችኝ ባጃጅ የኋላ መስታወቷ በቦብ ማርሌይ ፎቶ ተሸፍኗል። ውስጧም አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ነው። ሹፌሩ ቢበዛ ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው። ዝም ብዬ መሄድ ስለማልችል (ጋዜጠኝነት የተማረ ሰው በሽታ ነው) “ቦብን ትወደዋለህ ማለት ነው?” አልኩት።

“እንዴ! የእኛው ልጅ አይደል እንዴ!”

“የየት ልጅ?”

“የሻሸመኔ ነዋ!”

ሳቄን ዋጥ አደረግኩ። ሻሸመኔ ከሐዋሳ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ ጠዋት ሄደን ለምሳ የምንመለስባት ከተማ። ልጁ ተሳስቷል። ቦብ የተወለደው በ1945 ጃማይካ ውስጥ ናይን ማይል በምትባል መንደር ነው፤ ሻሸመኔን ያያት በ1978 ለጥቂት ቀናት ወደ ኢትዮጵያ በመጣ ጊዜ ነው። ስህተቱ ግን ደስ የሚል ስህተት ስለሆነ ላርመው አልፈለግኩም። ልወርድ ስል “ደብ ኮሎሰስንስ ታውቃለህ?” አልኩት።

“የት ሀገር ክለብ ነው?” አለኝ።

የዛሬው ጽሑፍ ለእሱ ነው። እሱ ባያነበውም እናንተ አንብቡለት። (ዓመታቱ በሙሉ የአውሮፓውያኑ ናቸው። በየመስመሩ እ.ኤ.አ. እያልኩ እንዳላደክማችሁ።)

የሻሸመኔውን ታሪክ መነሻ ሁላችንም በወሬ ደረጃ እናውቀዋለን። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1948 አምስት ጋሻ መሬት፣ ማለትም 200 ሄክታር ያህል፣ በጣልያን ወረራ ጊዜ ከኢትዮጵያ ጎን ለቆሙ የዓለም ጥቁሮች ሰጡ። አማካይ የሆነው ድርጅት ዶክተር መላኩ በያን በ1937 ኒው ዮርክ ላይ ያቋቋሙት የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን ነበር። ሚያዝያ 1966 ንጉሡ ኪንግስተን ሲያርፉ አውሮፕላን ማረፊያውን ያጥለቀለቀው ሕዝብ ዛሬም ድረስ ይወራል። ከዚያ በኋላ ወደዚህ የሚመጣው ራስ ተፈሪያን በረከተ። በ1975 ደርግ የገጠር መሬትን ሲወርስ ከአምስቱ ጋሻ አብዛኛው ሄደ። ሰዎቹ ግን ቀሩ። ብዙዎቹ ለአሥርት ዓመታት ያለ መታወቂያ ኖረው መንግሥት መታወቂያ እሰጣችኋለሁ ያላቸው በ2017 ነው። ይሄ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል፤ ሌላ ቀን።

እኔን የሚቆረቁረኝ ሙዚቃው ነው። ሬጌ ኢትዮጵያን ሌት ተቀን ይጠራል፤ ጽዮን ይላታል፣ አባት ሀገር ይላታል። እሺ፣ የኢትዮጵያን ሙዚቃ ግን ሰምቶት ያውቃል?

በ1969 አቢሲኒያንስ የሚባሉ ሦስት ጃማይካውያን ኪንግስተን የሚገኘው ስቱዲዮ ዋን ገብተው “ሰታ ማሳጋና” የሚል ዘፈን ቀዱ። ርዕሱ አማርኛ ነው፤ ቢያንስ እነሱ አማርኛ ነው ብለዋል። “ምስጋና ስጡ” ለማለት ፈልገው “ሰጠ ምስጋና” ሆኖባቸው ነው። የአማርኛ አስተማሪዬ ቢያዩት ቀይ እስክሪብቶ ያወጡ ነበር። እኔ ግን በሰማሁት ቁጥር ሆዴ ይባባል፤ አይተውት የማያውቁትን ሀገር ቋንቋ እየተኮላተፉ የዘፈኑ ሰዎች ናቸው። የስቱዲዮው ባለቤት ዘፈኑ አይሸጥም ብሎ መደርደሪያ ላይ አስቀመጠው። ልጆቹ ቅጂውን ራሳቸው ገዝተው በ1971 አወጡት፤ የራስታ መዝሙር ሆኖ ቀረ።

እና በዚያው በ1969 አዲስ አበባ ላይ አምኃ እሸቴ የተባለ ወጣት አምኃ ሪከርድስን ከፍቶ የእነ ዓለማየሁ እሸቴን፣ የእነ ማሕሙድ አሕመድን ሸክላዎች ማሳተም ጀምሯል። አንዱ ከተማ ኢትዮጵያን ይዘምራል፤ ሌላው ከተማ ኢትዮጵያ ሆኖ ይዘፍናል። አንዱ የሌላውን አልሰማም። ባሕር ብቻ አይደለም የለያቸው፤ የሚያገናኛቸው ሸክላ ነጋዴ፣ ሬዲዮ፣ ባንድ አልነበረም።

ጃማይካዎቹ ድምፁን ባያውቁትም መፈለጋቸው አልቀረም። አጉስተስ ፓብሎ የሚባል ልጅ ሜሎዲካ ይነፋ ነበር፤ በአፍ እየተነፋ በጣት የሚመታ ትንሽ ኪቦርድ ነው። ያዘነ የሚመስል ዜማ ስለሚያወጣበት የእሱ አጨዋወት “ፋር ኢስት” ተባለ፤ ሩቅ ምሥራቅ ማለት ነው። በ1977 ያወጣው አልበም ደግሞ ርዕሱ “ከዓባይ ወንዝ በስተምሥራቅ” ነው። ካርታ አውጥታችሁ እዩ፤ ሐዋሳ ከነጭ ዓባይ በስተምሥራቅ ናት። የምሥራቅ ክፍለ ከተማ ልጅ ስለሆንኩ ይሄንን ሳልናገር ባልፍ ሰፈሬ ይቀየመኛል!

ደብ የሚባለው ነገር የተወለደውም በዚያው ሰሞን ነው። ባለፈው አንድ ጓደኛዬ “ደብ ማለት ዘፈኑ የጠፋበት ሬጌ አይደል?” ብላኛለች። ስትቀልድ ነው እንጂ ከዚህ የተሻለ ትርጉም ገና አላገኘሁም። ኦስቦርን ረዶክ፣ በቅጽል ስሙ ኪንግ ተቢ፣ ሬዲዮና ማጉያ የሚጠግን ኤሌክትሪሺያን ነበር። በ1970ዎቹ መጀመሪያ የተቀዳ ዘፈን ይወስድና ድምፃዊውን ያጠፋዋል፤ ቤዝና ድራሙ ብቻ ይቀራል። ከዚያ ጊታሩን ለአንድ አፍታ ያስገባና በማስተጋቢያ አርዝሞ ያባርረዋል። ድምፃዊው ግማሽ ቃል ተናግሮ ገደል ማሚቶ ሆኖ ይሄዳል። ተቢ በጣቱ የሚጫወተው ጊታር አልነበረም፤ የስቱዲዮው ማደባለቂያ ራሱ ነበር። በተረፈው ባዶ ቦታ ላይ እነ ዩ ሮይ ማይክ ይዘው እዚያው የመጣላቸውን ይናገሩበታል። ሰውየው በ1989 ቤቱ ደጃፍ ላይ በጥይት ተገደለ፤ ቀኑ ፌብሩዋሪ 6፣ የቦብ ልደት ነው።

ባዶ ቦታ ትቶ ሌላ ሰው እንዲሞላው ማድረግ… ይሄን የት ነው የምናውቀው? አዝማሪ ቤት! “ተቀበል!” ስንለው አዝማሪው ማሲንቆውን እየገዘገዘ የሚጠብቃት ያቺ ክፍተት ናት። ግጥሙን እኛ እንሰጠዋለን፣ እሱ ይቀበላል፣ መልሶ በሰምና ወርቅ ይሸነቁጠናል። ኪንግስተንና ቋራ ሳይተዋወቁ አንድ ዘዴ ይዘው ተቀምጠዋል። የአዝማሪና የደብ ባንድ አንድ ቀን መምጣቱ አይቀርም ነበር ያልኩት ለዚህ ነው። ጥያቄው ማን ያመጣዋል የሚለው ነው።

እኛ ልናመጣው ተቃርበን ነበር። ዳሎል የሚባል ባንድ ሰምታችኋል? ኢትዮጵያውያን ናቸው፤ ሀገር ለቅቀው ቺካጎ የከተሙ። ከመካከላቸው የቤዝ ተጫዋቹ ዘለቀ ገሠሠ በ1986 ዋይልድ ሄር የተባለ የሬጌ ክበብ እዚያው ቺካጎ ውስጥ ከፈተ፤ ክላርክ ጎዳና ላይ እስከ 2011 ሠርቷል። የቦብ ልጅ ዚጊ ማርሌይ ከእህቶቹና ከወንድሙ ጋር በ1988 “ኮንሺየስ ፓርቲ” የተሰኘውን አልበም ሲሠራ ያጀቡት ዳሎሎች ናቸው። አልበሙ በ1989 የሬጌ ግራሚ ወሰደ። ቀጣዩም ላይ ተጫወቱ፣ እሱም በ1990 ወሰደ። የቦብ ልጆች ሁለት ግራሚ ያነሱት በሐበሻ ቤዝና ኪቦርድ ታጅበው ነው ማለት ነው። ትምህርት ቤት ማን ነገረን? ማንም።

ግን ልብ በሉ፤ ዳሎሎች እዚያ የተጫወቱት ሬጌ ነው። ጥሩ አድርገው፣ ጃማይካዊ እንደሚጫወተው። ማሲንቆ የለበትም፣ አንቺሆዬ የለበትም። ቤቱ የሌላ ነው፤ እነሱ ግሩም እንግዶች ነበሩ።

ከዚያ 2005 መጣ። የቦብ 60ኛ ዓመት ልደት መስቀል አደባባይ ተከበረ። ሪታ፣ ልጆቿ፣ አንጀሊክ ኪጆ፣ ዩሱ ንዱር፣ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሰው። ከበዓሉ ቀደም ብሎ የቦብ አፅም ሻሸመኔ ሊመጣ ነው የሚል ወሬ ተነሥቶ፣ ዓለምን ዞሮ፣ ተስተባበለ። እኔ ያኔ ገና መዋዕለ ሕፃናት ነበርኩ፤ የማስታውሰው የአጎቴን ባለ ሦስት ቀለም ሹራብ ብቻ ነው።

ዋናው ታሪካችን የሚጀምረው በማግስቱ ዓመት ነው። በ2006 ኒክ ፔጅ የሚባል እንግሊዛዊ ጊታሪስት አዲስ አበባ መጣ። በሙዚቃው ዓለም የሚጠራበት ስም ካውንት ደቡላ ነው። በ1990ዎቹ ትራንስግሎባል አንደርግራውንድ የተባለውን፣ የሕንዱንም የዓረቡንም ሙዚቃ ከለንደን የጭፈራ ምት ጋር ያላቆጠውን ቡድን ከመሠረቱት አንዱ ነው። እዚህ ይኖር የነበረ ዳን ሃርፐር የሚባል ሌላ እንግሊዛዊ ሙዚቀኛ ነው የጋበዘው። ኮንሰርት አልነበረም፣ ስፖንሰርም አልነበረም። አንድ ቤት ውስጥ የተዘረጋ የመቅጃ ዕቃ ነበር፤ ሙዚቀኞች እየመጡ ይቀዱበታል።

እነማን መጡ? ስንታየሁ “ሚሚ” ዘነበ፣ የምሽት ክበብ የምታስተዳድር፣ ፈረንጆቹ ኋላ የኢትዮጵያ ኤዲት ፒያፍ ያሏት ድምፃዊት። ጸደኒያ ገብረማርቆስ፣ ቀደም ብላ በ2004 የኮራ ሽልማት የወሰደችው። ተራማጅ ወረታው ከነማሲንቆው። ፈለቀ ኃይሉ፣ ሳክስፎን ተጫዋችና የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት መምህር። ሳሙኤል ይርጋ፣ ያኔ ገና ልጅ እግር ፒያኒስት። ዝርዝሩን ደግማችሁ እዩት፤ አዝማሪ፣ የምሽት ክበብ፣ የያሬድ መምህር፣ ፖፕ። በእኛ ሀገር እነዚህ ሰዎች አንድ መድረክ ላይ ጎን ለጎን የሚቆሙት ስንት ጊዜ ነው? አንዳንዴ የሚያቀማምጠን ከውጭ የመጣ፣ ማን ከማን እንደማይቀላቀል ያልተነገረው ሰው ነው።

ፔጅ ቅጂውን ይዞ እንግሊዝ ገባ፤ ከዚያ የቤዝ መስመሩና ማስተጋቢያው እየተደረበበት፣ ሌላም እየተቀዳ በ2008 “ኤ ታውን ኮልድ አዲስ” ወጣ፣ በፒተር ጋብርኤል ሪል ወርልድ ሪከርድስ። የባንዱ ስም ደብ ኮሎሰስ። “አዝማሪ ደብ” አለበት፣ “እንጦጦ ደብ” አለበት፣ “አምባሰል” አለበት። “የካ ሰብ ሲቲ ሮከርስ” የሚልም አለበት። ክፍለ ከተማ ነው የተዘፈነለት! ቀበሌ ሄደን መታወቂያ ለማሳደስ ግማሽ ቀን የምንሰለፍበት ያ “ክፍለ ከተማ” የሚባል ቃል የሬጌ ርዕስ ሆኗል። ይሄን ያነበብኩ ዕለት በየካ ቀናሁ።

ሰውየው በርዕስ ይጫወታል። “አዲስ የምትባል ከተማ” የሚለው ጃም የተባለው የእንግሊዝ ባንድ በ1982 ካወጣው “ማሊስ የምትባል ከተማ” የተጠመዘዘ ነው። የሁለተኛው አልበም ርዕስ “አዲስ በመስታወቱ ውስጥ” የሉዊስ ካሮልን የአሊስ መጽሐፍ ይጠራል። ሦስተኛው “አዲስ ቱ ኦሜጋ” አልፋን በአዲስ ተክቶታል። ሰምና ወርቅ ባይሆንም ከቅኔ የራቀ ዘር አይደለም።

ወደ ሙዚቃው ልመለስ። እንዴት ገጠመ? ችክችካ በስድስት የሚቆጠር ምት ነው፣ ሬጌ በአራት። በወረቀት ላይ መጣላት ነበረባቸው። ጠጋ ብላችሁ ስትሰሙ ግን ሬጌ ውስጥ እያንዳንዷ ምት ውስጧን ሦስት ሦስት አድርጋ የምትወዛወዝበት ጊዜ ብዙ ነው። ችክችካው በዚያች ቀዳዳ ይገባል። ቅኝቱ ደግሞ የባሰ ይስማማል። ትዝታ ወይም አምባሰል አምስት ድምፅ ነው ያለው፤ የሬጌ ቤዝም ብዙ ድምፅ አይወድም፣ ጥቂት ኖታ ይዞ ይመላለሳል። ያ ፓብሎ “ሩቅ ምሥራቅ” እያለ የፈለገው ያዘነ ድምፅ ተራማጅ ማሲንቆ ላይ ነበር።

እኔን ያሸነፈኝ ግን ድምፁ የሚጠፋበት ቦታ ነው። በእኛ ዘፈን ድምፃዊው አይጠፋም፤ ከጠፋ ካሴቱ ተበላሽቷል ማለት ነው። እዚህ ግን ድምፃዊቷ አንድ ስንኝ ጀምራ ጫፉ ይቆረጥና ጭራው እያስተጋባ ይርቃል፤ ከሥሩ ማሲንቆው ብቻውን ይቀራል። መጀመሪያ ዩኒቨርሲቲ ዶርም ውስጥ በአንድ ጆሮ ማዳመጫ ከጓደኛዬ ጋር ተካፍዬ ስሰማው ስልኬ የተበላሸ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ገባኝ። ትዝታ ማለት ራሱ ይሄው አይደል? የሄደ ሰው ድምፅ፣ ግማሹ ቀርቶ።

የባንዱ መነሣት እዚህ ላይ ነው። በስቱዲዮ ተሰፍቶ የተሠራ አልበም ብዙ ጊዜ እዚያው ይቀራል። ደብ ኮሎሰስ ግን መድረክ ላይ ወጣ፤ ሙዚቀኞቹ ከአዲስ አበባ ሄደው ከእንግሊዞቹ ጋር ዎማድን በመሳሰሉ ፌስቲቫሎች ተጫወቱ። በ2011 የወጣው ሁለተኛው አልበም ላይ ልዩነቱ ይሰማል። የመጀመሪያው በጥንቃቄ የተገጣጠመ ነው፤ ሁለተኛው አብረው ላባቸውን ያፈሰሱ ሰዎች የሚጫወቱት ነው። ነሐሱ ወፍሯል፣ ሳቅ አለበት፣ “ጉራጊኛ” አለበት። እና “ሰታ ማሳጋና” አለበት።

አዎ፣ ያው የ1969ኙ። ከ42 ዓመት በኋላ “ሰጠ ምስጋና” አማርኛ አፍ መፍቻቸው ከሆነ ሙዚቀኞች ጋር ተመልሶ ተሠራ። ማንም ሰዋስዉን አላረመውም፤ እንደ ተሳሳተ ነው የተውት። ደግ አደረጉ።

አሁን “ፈረንጅ መጥቶ የእኛን ወሰደ” የሚል አስተያየት እንደምትጽፉልኝ አውቃለሁ። ጥያቄው ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ እኔም ጠይቄዋለሁ። የባንዱ መሪ ኒክ ፔጅ ነው፣ ማሳተሚያው እንግሊዝ ነው፣ ርዕሱ እንግሊዝኛ ነው፣ ቀልዱም እዚያ ላደገ ሰው ነው የሚያስቀው። የመጀመሪያው አልበም ላይ ሀገራችን እንደ ድባብ የገባችባቸው ቦታዎችም አሉ፤ ማሲንቆ ለሽታ ብቻ ጣል የተደረገ ይመስላል። በሦስተኛው፣ በ2014ቱ፣ ደግሞ የውጭዎቹ ድምፃውያን በርክተው እኛዎቹ ሳስተዋል፤ ለጆሮዬ ከሦስቱ ደካማው እሱ ነው። ግን በሁለተኛው ላይ “ወሰደ” የሚለው ቃል አልይዝ ይለኛል። እዚያ ላይ ሳሙኤል ይርጋ ፒያኖውን ሲጀምር ቤዙ ነው እሱን የሚከተለው። ደግሞም የሳሙኤል የራሱ አልበም፣ “ጉዞ”፣ በ2012 በዚያው በሪል ወርልድ ወጥቷል፣ ፔጅ አዘጋጅቶለት። ስሙ ከባንዱ ስም ጀርባ አልተደበቀም፤ ሽፋኑ ላይ ነው።

የከፋኝ ሌላ ነገር ነው። እኛ አልሰማነውም። ሐዋሳ ውስጥ ለዓመታት ካሴትና ሲዲ የሸጡ አንድ ጋሼ አሉ፤ አሁን የስልክ ሽፋን ነው የሚሸጡት። “ጋሼ፣ በ2008 አካባቢ ደብ ኮሎሰስ የሚባል አልበም መጥቶልዎት ነበር?” አልኳቸው። “የኔ ልጅ፣ እኛ ያኔ ኢዮብን ነበር የምንሸጠው፤ ሌላውን ማን ይጠይቀናል” አሉኝ። ልክ ናቸው። የጅጅጋው ልጅ ኢዮብ መኮንን “እንደ ቃል”ን ያወጣው በ2007 ነበር፤ በለስላሳ ድምፁ ሬጌን የአማርኛ የፍቅር ዘፈን አደረገው፤ በነሐሴ 2013 በሞት ሲለየን ሀገር አለቀሰለት። ኃይሌ ሩትስ ደግሞ ችክችካንና ሬጌን አጋብቶ “ቺጌ” የሚል ስም አወጣለት፤ የደብ ኮሎሰስን ስም ሳይጠራ ያንኑ መንገድ በራሱ እግር ሄደበት ማለት ነው። እና በአንድ ሀገር፣ በተመሳሳይ ዓመታት፣ ሁለት የሬጌ ታሪክ ጎን ለጎን ሄደ። አንዱ በሚኒባስና በባጃጅ፣ ሌላው በአውሮፓ ፌስቲቫሎች። እንደ 1969ኙ አንዱ የሌላውን አልሰማም። ያኔ ባሕር ነበር በመካከል። አሁን ግን ስንታየሁም ጸደኒያም አዲስ አበባ ነበሩ!

ኒክ ፔጅ በግንቦት 2021 በካንሰር ሞተ። የእንግሊዝ ጋዜጦች ጻፉለት። እኔ ያወቅኩት ከወራት በኋላ፣ ለሌላ ጉዳይ ስሙን ስፈልግ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ “የካ ሰብ ሲቲ ሮከርስ”ን ፍላሽ ላይ ጭኜ ያን ልጅ ልፈልግ ወጣሁ። ባጃጇ የኋላ መስታወቷ ላይ ቦብ አለባት ብዬ እንዳልኳችሁ ነው። ተራው ላይ ቆሜ ስቆጥር ሰባት ባጃጅ ቦብ አለባቸው። ሹፌሮቹን አንድ በአንድ ሳይ እሱን አጣሁት። ስድስተኛው ሹፌር “እህት፣ ምን ጠፍቶሽ ነው?” አለኝ። ፍላሹን ሰጠሁት። ሰክቶ ከፈተው፣ ቤዙ ሲገባ ድምፁን ጨመረ፣ ማሲንቆው ሲመጣ ዞር ብሎ አየኝ።

“ይሄ ነገር የእኛ ነው የነሱ?”

“አንተ ምን ይመስልሃል?”

“ቆይ እስኪ ልስማው” አለና ሞተሩን አጠፋ።

ቸር እንሰንብት።